በጋቢው ሥር የሰማሁት ሙሾ

ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ አመል አለብኝ። በሌለሁበት ስለ እኔ ምን እንደሚወራ ማወቅ እፈልጋለሁ። በር ሥር ተለጥፌ ሳዳምጥ እናቴ ስንቴ ጆሮዬን እንደቆነጠጠችኝ እሷ ትቁጠረው። «ወሬ ይገድልሻል» ትለኝ ነበር። አልገደለኝም። እንዲያውም በቁሜ ሲለቀስልኝ ሰምቼ፣ ልጄን አጠገቤ አስተኝቼ፣ ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፍላችኋለሁ።

ስሜ ትርንጎ ነው። ያደግኩት ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር ገባ ብላ ባለች የወገራ መንደር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ጎንደር ገባሁና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ባሌን ሳሚን ያገኘሁትም እዚያው ነው። የመብራት ሠራተኛ ነው። የሱቁን መስመር ሊጠግን መጥቶ «ይሄ ሽቦ የት ነው የሚሄደው? ያኛው ቢነካስ?» እያልኩ ሳደርቀው ለአፍታ የመጣው ሰውዬ ማምሻውን ወጣ። በነጋታው ያልተበላሸ ነገር ሊጠግን ተመልሶ መጣ። የጎንደር ከተማ፣ የቀሐ ሰፈር ልጅ ስለሆነ ጭቃ የሚያውቀው ለጥምቀት ውሃ ሲረጭ ብቻ ነው።

ሳረግዝ ጥያቄዬ ባሰ። ክትትል በሄድኩ ቁጥር «አሁን ምን እያደረገ ነው? ያልማል? ይርበዋል?» እላለሁ። አዋላጇ አንድ ቀን ሳቀችና «አንቺ ሴት፣ ልትወልጂ ነው ልትመረቂ?» አለችኝ። አንድ ነገር ግን ሳትስቅ ነገረችኝ። «ከወትሮው ዝም ካለብሽ፣ ሰው ምን ይለኛል ሳትይ ነይ።» የእኔው ዝም የሚል ዓይነት አልነበረም። ሳሚ እጁን ሆዴ ላይ አድርጎ «ይሄስ ኳስ ተጫዋች ነው» ይል ነበር።

እናቴ ደግሞ የራሷ ሕግ አላት።

«የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ» አለች በስልክ።

«እማ፣ ሆስፒታሉ አፍንጫዬ ሥር እያለ ዳገት ልውጣ?»

«እንግዲያው ለገንፎሽ ፍተጋ እንኳ ነይ። ሴቱ ሁሉ ተጠርቷል። ባለቤቷ በሌለችበት ገብስ ይፈተጋል?»

ፍተጋ ያላያችሁ እንደሆነ፣ ሴት ወሯ ሲቃረብ ጎረቤት ተሰብስቦ ለአራስነቷ የሚሆናትን የገንፎ ገብስ በሙቀጫ ይፈትግላታል። ቀልዱም፣ እልልታውም፣ ባልን ማማቱም አብሮ ነው። ይሄን ማየት እንዴት ይቅርብኝ! ቀኔ ገና ነው ብዬ ሳሚን አስከትዬ ሄድኩ። ክረምቱ እየወጣ ነበር፤ ዝናቡ ግን ገና አልሰማም።

ፍተጋው ሸጋ ነበር። በነጋታው ጠዋት ግን ወገቤን ጨምድዶ ያዘኝ። የመንገዱ ድካም መሰለኝ። ለቀቀኝ፤ ደግሞ ያዘኝ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ገቡ፣ ወንዶቹ ወጡ፣ «ማርያም፣ ማርያም» ተጀመረ። እኔን ያስፈራኝ ግን ምጡ አልነበረም። ሆዴ ዝም ብሏል። ከነቃሁ ጀምሮ አንዴም አልረገጠኝም። በጎኔ ተኛሁ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ በጣቴ ገፋ ገፋ አደረግኩት። ምንም።

«እማ፣ ልጁ አይንቀሳቀስም።»

«ሊወጣ ሲል ዝም ይላል» አለች አንዲት ጎረቤት ከእናቴ ቀድማ። «ጉልበቱን እየቆጠበ ነው።»

«ገብተሽ አየሽው?»

«ውይ! ምጥ እንኳ ምላሷን አላሰረው!»

ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። እጇን ሆዴ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች፣ ከዚያ ዓይኗን ከዓይኔ አሸሸች።

«ሳሚን ጥሩልኝ» አልኩ።

«ወንድ? እዚህ?»

«እዚህ ያደረሰኝ ማን ሆነና? ይግባ!»

ሳሚ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሴቶቹ እንደ ሌባ አዩት።

«ዝም ብሏል ሳሚ። ከጠዋት ጀምሮ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ ትርንጎ…»

«እኔስ ምን አውቃለሁ? ግን እዚህ ተኝቼ ከምፈራ እየሄድኩ ልፍራ።»

እጁን እንደ ልማዱ ሆዴ ላይ አሳረፈ። ጠበቀ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ተነሥቶ ወጣና ደጅ ለተቀመጡት ወንዶች የተናገረውን ግድግዳውን አልፎ ሰማሁት። «ካልተሸከማችኋት እኔ አዝያት እሄዳለሁ።» የሳቁት ሳቅ! ቃሬዛው ግን መጣ። አንዱ ጉብታ ላይ ወጥቶ ለጤና ጣቢያው ደወለ። አምቡላንሱ ጭቃውን ስለማያልፍ አስፋልቱ ጫፍ ላይ እንደሚጠብቀን ነገሩት።

እናቴ ወፍራም ጋቢ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግሬ ጣት አለበሰችኝ። «ማንም እንዳይገልጣት። ምጥ የያዛትን ሴት ዓይን ይበላታል።»

«እማ፣ ልታፍኚኝ ነው?»

«በሽመናው ተንፍሺ።»

እንዲህ ሆነን ወጣን። የተሸካሚዎቹ አለቃ ጎረቤታችን አያ ደሴ ነው፤ ሽማግሌ ነው፣ ግን ትከሻው አላረጀም።

«አንቺ ልጅ፣ ጎንደር ምን ሲያበሉሽ ነው የከረሙ? በሬ ነው እንዴ የተሸከምን?»

«ሁለት ሰው ነን እኮ አያ ደሴ!» አልኩ ከጋቢው ውስጥ። ሁለት መሆናችንን በምን አውቄ?

ሳሚ «ተራ ስጡኝ» ብሎ ከፊት እንጨቱን ያዘ። ብዙ አልሄደም። ቃሬዛው ወደ አንድ ጎን ዘመም ሲል፣ ቀጥሎም አንድ ነገር ጭቃ ላይ ጧ ሲል ሰማሁ።

«ከተሜው ተቀመጠ!» ብለው ሳቁ።

«ልጄ፣ ያንተ ሥራ ያኔውኑ አልቋል» አለው አያ ደሴ። «ፊት ፊት እየሄድህ መንገድ አስለቅቅልን።»

ሸሚዙ ጭቃ ሆኖ ብርድ ሲያንቀጠቅጠው አባቴ ኩታውን ከትከሻው አውጥቶ ሰጠው። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሳሚ ኩታ ለብሶ አያውቅም፤ ቢያውቅም በዚያ ድንጋጤ መች ያየዋል? ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቱ አድርጎ ተከናነበው። እንደዚያ አዘቅዝቆ የሚለብስ ሐዘንተኛ ነው። ይሄን በአገራችን ያላወቀ የለም። የእኛዎቹ ግን ሁሉም የሚረግጡትን ጭቃ ነው የሚያዩ፤ ልብ ያለው አልነበረም። እናቴና ሴቶቹም በዳገቱ ደክመው ወደ ኋላ ቀርተዋል። እንግዲህ ከሩቅ ለሚያየን ሰው ምን እንደምንመስል አስቡት። ኩታውን ያዘቀዘቀ ጎልማሳ አንገቱን ደፍቶ ይመራል፣ ከኋላው ከራስ እስከ እግሩ የተሸፈነ ሰው በቃሬዛ ይመጣል።

እኔ ከጋቢው ሥር ይሄን አላየሁም። የሚታየኝ በሽመናው ቀዳዳ የሚገባ ነጭ ብርሃን ብቻ ነው። ምጡ ሲመጣ ጋቢውን እነክሳለሁ። ሲለቀኝ ከልጄ ጋር አወራለሁ። «ስማ፣ አንዴ ብቻ ርገጠኝ። አንዴ። ከዚያ የፈለግከውን ያህል ተኛ።» መልስ የለም።

ያኔ ነው ከፊት ጩኸት የሰማሁ።

«ወይኔ! መጣች! መጣች!»

አንድ ድምፅ ነበር፤ ወዲያው ብዙ ሆነ። የሴቶች ዋይታ፣ ደረት ሲመታ፣ የወንዶች «ወይ እናቴ! ወይ እናቴ!»

«ለቅሶ ነው፤ ቀስ በሉ» አለ አያ ደሴ። የሰው ሐዘን እየተጣደፉ አይታለፍም። ተሸካሚዎቹ እርምጃቸውን ገቱ። ገቱና ተያዙ። ሕዝቡ ከብቦን ኖሯል።

መጀመሪያ ለቅሶው የሌላ ሰው ነው ብዬ ነበር። ከዚያ እጆች ጋቢዬን ሲዳስሱ ተሰማኝ። የሆነ ሰው ግንባሩን እግሬ ላይ አድርጎ ተንሰቀሰቀ። ከዚያ ልክ ከራሴ በላይ አንዲት ሴት በጎርናና፣ በሚያስገመግም ድምፅ አወረደችው፦

«እንግዳ ሳይበላ በልታ የማታድር፣
ምነው ዛሬ ቀድማ ገባች ወደ አፈር።»

ሕዝቡ ተቀብሎ አለቀሰ። እኔ ጋቢው ሥር ደርቄ ቀረሁ። ለእኔ ነው! ሞቻለሁ እንዴ? ጭኔን ቆነጠጥኩ፤ አመመኝ። ታዲያ ምን አይተው ነው? ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው እኔ የማላውቀውን አንድ ነገር አውቆ ይሆን? መጮህ ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። አፌ ደርቋል፣ ጋቢው ጥርሴ ውስጥ ነው። ደግሞስ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያ የበር ሥር አመሌ ያዘኝ። ቀጥሎ ምን ይሉ ይሆን? «እንግዳ ሳይበላ» የሚለውስ ከየት መጣ? እኔ እንኳን እንግዳ፣ ሳሚ እስኪመጣ አልጠብቅም።

ያኔ ሳሚን ሰማሁት። ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም፤ ግን ወዲያው አወቅኩት። ለካ ወንዶቹ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው «አይዞህ ወንድሜ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» ሲሉት፣ ፊት ፊት ሲሄድ እሱ ያላየውን ያዩ መስሎታል። ዞር ቢል ቃሬዛው በሰው ተሸፍኗል።

«ትርንጎዬ!» አለ። «አሁን እኮ እያወራች ነበር! አሁን!»

አያ ደሴ «ኧረ ምጥ ናት! ምጥ!» ይላል፤ ማን ይስማው? አልቃሿ ይባስ ብላ ጎንበስ አለችብኝ፤ ትንፋሿ በጋቢው ገባ። ሆዴ ላይ ጮኸችው ማለት ይቀላል፦

«የሰባት ልጅ እናት፣ የሰባት ምሰሶ፣
ማን ይቁም በደጇ ቤቷ ተደርምሶ!»

ሰባት? እኔ አንዱ አቅቶኝ!

ይሄን ሳስብ፣ በዚያው ቅጽበት፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር ድው አለ። ቆመ። ሕዝቡ «ወዮ!» ሲል እንደገና፣ አሁን በሁለት እግር፣ ድው! ድው!

ጋቢውን ወርውሬ ቃሬዛው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ረገጠኝ! ሳሚ፣ ረገጠኝ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! ደረቱን ሲመታ የነበረው እጁ በአየር ላይ ቀረ። ግማሹ ወደ ገደሉ፣ ግማሹ ወደ ባሕር ዛፉ ሮጠ። አንዱ ሽማግሌ «በስመ አብ! በስመ አብ!» እያለ ወደ ኋላ ሲሄድ በቂጡ ተቀመጠ። ከተሸካሚዎቹ ሁለቱ ከሕዝቡ ጋር ሊሮጡ ሲሉ አያ ደሴ «ብትለቋት ወየውላችሁ!» ብሎ አስቆማቸው። ሳሚ ብቻ ወደ እኔ ሮጠ። ኩታው በጭቃ ተጎተተ፣ ፊቱ እንባና ንፍጥ ሆኗል። እጁን ስቤ ሆዴ ላይ አደረግኩት። እንደገና ድው። ሳሚ እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

ካልሸሹት አንዷ አልቃሿ ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ጠይም ሴትዮ ናቸው። ወገባቸውን ይዘው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንቺ የማን ነሽ?»

«የትርንጎ… እኔ ራሴ ትርንጎ ነኝ። ምጥ ላይ ነኝ።»

«እና የእኛዋ የሺ የት አለች?»

ለካ ወይዘሮ የሺ የሚባሉ እናት ልጃቸው ዘንድ ሄደው አርፈው፣ በትውልድ ደብራቸው ሊቀበሩ፣ እኛ በመጣንበት መንገድ አስከሬናቸው ይጠበቃል። ቀና ብለን ብናይ እውነተኞቹ ከጉብታው ላይ ብቅ እያሉ ነው። አልቃሿ የሳሚን ኩታ በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉት።

«አንተ ነህ ያሳሳትኸን። ጥለቱ እንዲህ የሚሆን ሰው ሲሞትብህ ነው። ገልብጠው!»

ሳሚ ገለበጠው። አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፣ በለቅሶ መሐል ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። አንዲት ሴት ብቻ «በምጧ ቀን ይለቀስባት? ገድ አይደለም» ብላ አጉረመረመች።

«ማን አለሽ?» አሉ አልቃሿ፤ ስማቸው እትየ ዝማም ነው። «ለቅሶዋን አልቅሰንላታል። የተለቀሰለትን ሞት ደግሞ ምን ይፈልገዋል? ምነው ቆማችሁ? ትከሻ አምጡ!»

የለቅሶው ጎረምሶች የእኛዎቹን ገፍተው ቃሬዛውን ነጠቁ። ሐዘን ላይ የነበረ ትከሻ እንዴት እንደሚሮጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ ፊቴን አልሸፈንኩም። ዓይን ከፈለገ ይብላኝ፣ እኔም ማየት አለብኝ።

ከአስፋልቱ ጫፍ አምቡላንሱ ተቀብሎን ጤና ጣቢያው ስንደርስ አዋላጁ፣ ወጣት ነው፣ መሣሪያውን ሆዴ ላይ አደረገ። ክፍሉን የሞላው ድምፅ የፈረስ ግልቢያ ይመስል ነበር። ሳሚ «ይሄ እሱ ነው?» አለ። ማንም «ውጣ» ስላላለው እዚያው ቀረ። እኔ ደግሞ በምጥና በምጥ መሐል እጠይቃለሁ።

«ሆድ ውስጥ ሆኖ ድምፅ ይሰማል?»

«በደንብ ይሰማል። ከባድ ድምፅ ያስደነግጠዋል፤ ይንቀሳቀሳል። ምነው?»

«ተለቅሶልኝ ነው።»

ወደ ሳሚ ዞሮ «ትቃዣለች እንዴ?» አለው። ሳሚ በቁም ነገር «አይ፣ እውነቷን ነው» ብሎ መለሰ።

ግልቢያው አንዳንዴ ይዘገይ ነበር። ሲዘገይ የአዋላጁ ፊት ኮስተር ይላል፣ በጎኔ ያስተኛኛል፣ ዓይኑን ከመሣሪያው አይነቅልም። እኔም ፊቱን ነው የማነበው። ፀሐይ ልትገባ ስትል «አሁን ግፊ!» አለኝ። ገፋሁ። ጭንቅላቷ እንደወጣ «ቆይ!» ብሎ ጮኸ። እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። በጣቱ አሾልኮ ፈታው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ወጣች፤ ሴት ነች፣ ሰማያዊ ነች፣ ዝም ብላለች። እንደ ጠዋቱ ዝምታ። አዋላጁ ጀርባዋን በጨርቅ አሸ፣ አፏን ጠረገ። ሳሚ እጄን ይዞ ነበር፤ ድንገት ለቀቀና ጎንበስ ብሎ ያለ የሌለ ድምፁን አወጣው።

«ኧረ ነይ!»

ጮኸች። በእሱ ድምፅ ይሁን በአዋላጁ እጅ አላውቅም። አዋላጁ የእኔ ነው ይላል፤ ሳሚም አልተወለትም። ውጭ እናቴ እልልታውን ስታቀልጠው ሰማሁ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ስትገባ እኔ እንግዴ ልጁን ገልብጠው እንዲያሳዩኝ እየለመንኩ ነበር። እናቴ አማተበች።

አዋላጁ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ። «ዝም ሲል አለመጠበቅሽ ደግ አደረግሽ» አለኝ። ይሄን ለእናንተም ማስተላለፍ ፈለግኩ። እህቶቼ፣ ሆዳችሁ ውስጥ ያለውን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ጎረቤት የለም። ዝም ካለባችሁ ተነሡ። ቢስቁባችሁ ይሳቁ። ወንዶችም፣ ሲጠሯችሁ ግቡ። «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ የገባው ሳሚ ያወቀው ነገር ቢኖር እጁን ማሳረፍ ብቻ ነው፤ እሱ በቃን።

ዘመዶቻችን ልጅቷን «ትንሣኤ» በሏት አሉ። አልሞትኩም እኮ! ሊያ አልናት።

መንፈቃቸው ሲደርስ የወይዘሮ የሺ ልጆች ጠሩን፤ ሊያን ይዘን ሄድን። ዱሮ ለቅሶ ቤት ስገባ ልቤ ደጅ ነበር። ያን ቀን ግን ፊት ተቀመጥኩ። እትየ ዝማም ያንኑ ግጥም ለትክክለኛዋ ባለቤት ሲያወርዱት፣ ጭኔ ላይ የተኛችው ሊያ ብትት ብላ ሁለት እግሯን ወረወረች። ድው። ሳሚና እኔ ተያየን።

ሲያበቃ ጠጋ ብዬ ስንት ወር ሲከነክነኝ የከረመውን ጠየቅኳቸው።

«እትየ ዝማም፣ ያን ቀን እውነትም እኔ ሆኜ ቢሆን ምን ይሉልኝ ነበር?»

እኔን አዩ፣ ሊያን አዩ።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ግጥም ከሰማይ የሚወርድ መሰለሽ? የሺ ዕድሜዋን ሙሉ ኖራ ያቀበለችኝን ነው እኔ የምል። አንቺ ገና ምን አቀበልሽኝና? ሂጂ፣ ኑሪ።»

ተናደድኩ፤ መንገዱን ሙሉ አሰብኩት። አመሌ ብዙም አልተለወጠም፤ ዛሬም ሳሚ እስኪመጣ አልጠብቅም። ግን ያን ዕለት ጎንደር ገብተን፣ በርሃብ ሆዴ ተጣብቆ፣ ገበታ አቅርቤ የመጀመሪያዋን ልቆርስ ስል በር ተንኳኳ። በድምጿ አወቅኳት፤ ጎረቤት ነች። እጄን ከሰሐኑ ላይ መለስኩ።

ሳሚ አይቶኝ ሳቀ። «ግጥም እያቀበልሽ ነው?»

«ዝም በል፤ ርቦኛል» አልኩትና በሩን ልከፍት ተነሣሁ።